ለአንዲት ፊርማ የላክኋቸው ሽማግሌዎች

ሰው ሚስት ለማግባት ሽማግሌ ይልካል፤ ከተጣላው ወንድሙ ጋር ለመታረቅም ይልካል። እኔ ሽማግሌ የላክሁት ለመንግሥት ፊርማ ነው። ይህን ሳወራ የሚስቁ አሉ። ይሳቁ፤ እኔን እስካሁን አላሳቀኝም።

ጉለሌ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ቤተ ሙከራ ነው የምሠራው። የተማርኩት የእንስሳት ሕክምና ቢሆንም ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ከአንድ በሽታ ጋር ስጨቃጨቅ ነው፤ ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር። እንዴት ይህን መረጥሽ ሲሉኝ “እንዲያው በአጋጣሚ” እላለሁ። ውሸቴን ነው። ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ ስናድግ ታላቅ ወንድሜን ውሻ ነከሰው። ቁስሉ ትንሽ ስለነበረ በሎሚ ታጠበና ተረሳ። ሳምንታት አልፈው ሁላችንም ከረሳነው በኋላ ወንድሜ ውኃ መጠጣት አቃተው። ብርጭቆ ሲቀርብለት ጉሮሮው ይታነቃል፣ ዓይኑ ይፈጣል። እኛ ጴንጤዎች ስለሆንን የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች መጥተው እጅ ጫኑበት። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ቁስቋም ጸበል ውሰዱት አሉ። በሌላ ጊዜ በምንም የማይስማሙት ሁለቱ ወገኖች በዚያ ሳምንት ግን ተስማሙ፤ ውኃ የሚፈራው ወንድሜ ሳይሆን በውስጡ ያለው ጋኔን ነው አሉ። እናቴ “በኢየሱስ ስም ጠጣ” እያለች ብርጭቆውን ታስጠጋለት ነበር። ሞተ። ውኃ መፍራት የበሽታው ምልክት መሆኑን ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። እናቴን ግን አልነገርኳትም።

ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚሠራ፣ እምብርት ዙሪያ ደጋግሞ የሚወጋ ነበር። ሕመሙን ፈርተው መሐል ላይ የሚያቋርጡትን አውቃለሁ። ከውጭ የሚመጣው ዘመናዊ ክትባት ደግሞ ያለ ፍሪጅ አይሆንም። አንድ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርና እኔ እዚሁ ያዘጋጀነውን አዲስ ክትባት በዱቄት መልክ አድርቀን ያለ ፍሪጅ የሚቆይበትን ዘዴ አገኘን። አገኘን ስል በአንድ ጀምበር አይደለም፤ መብራት እየጠፋብን፣ እየተበላሸብን፣ እየተሰዳደብን ነው። በአይጥ ላይ ሠራ። በውሻ ላይም ሠራ። ፓተንት ወጣለት፤ ይኸውም ዘዴውን ማንም ያለ ፈቃድ እንዳይጠቀምበት የሚከለክል መብት ነው። ባለቤቶቹ ሁለት ናቸው፤ በፕሮፌሰሩ በኩል ዩኒቨርሲቲው፣ በእኔ በኩል መንግሥት።

መከራው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ክትባቱ በሰው ላይ እንዲሞከር በንጽሕና የሚያመርተው ፋብሪካ ያስፈልግ ነበር። ፕሮፌሰሩ በስንት ልመና አንድ አገኘ። ፋብሪካው ግን ከሁለት ባለቤት ጋር አልዋዋልም፣ አንዳችሁ ለአንዳችሁ ፈቃድ ስጡና አንድ ሆናችሁ ኑ አለ። እስከ በጀት ዓመቱ መጨረሻ፣ እስከ ሰኔ ድረስ እንደሚጠብቀንም ነገረን። ስለዚህ የእኛ መሥሪያ ቤት ድርሻውን ዩኒቨርሲቲው እንዲያለማው የፈቃድ ውል መፈረም ነበረበት። ባለቤትነቱ የትም አይሄድም። የሚያስፈልገው የዋና ዳይሬክተራችን ፊርማ ብቻ ነው።

ዳይሬክተሩን ክፉ ሰው አድርጌ ብሥላቸው ለኔም ለአንባቢም ይቀለን ነበር። ክፉ አልነበሩም። ሠራተኛ ሲታመም ሆስፒታል ድረስ ሄደው የሚጠይቁ፣ ለቅሶ የማይቀሩ ሰው ናቸው። መፈረም ግን አይወዱም።

“ዶክተር፣ እኔ እኮ አልተቃወምኩም” ይሉኛል።

“ታዲያ ይፈርሙልኛ!”

“እ... ማለቴ፣ ይጠና። የሕግ ክፍል ይየው። ንብረት ክፍልም አስተያየት ይስጥበት።”

የሕግ ክፍሉ ንብረት ክፍልን ጠይቁ አለ። የንብረት ክፍሉ ሰው ደግሞ ፓተንቱ የት መጋዘን እንደተቀመጠ፣ የንብረት መለያ ቁጥር ተለጥፎበት እንደሆነ ጠየቀኝ። የመንግሥት ንብረት ከግቢ የሚወጣው ወይ በጨረታ ወይ እንዲወገድ ተወስኖ ነው ብሎም አስረዳኝ። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አላሾፈም፤ ወንበሩንም ጠረጴዛውንም የሚጠብቀው በዚሁ ሕግ ነው። ቢሮዬ ገብቼ በሬን ዘግቼ ብቻዬን ጮህኩ።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ ዳይሬክተሩን ፊት ለፊት “ለምንድን ነው የሚፈሩት?” አልኳቸው። በሩን ራሳቸው ተነሥተው ዘጉት።

“በሌላ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረ ጓደኛ ነበረኝ” አሉኝ። “ያለ ሥራ የተቀመጠ ማሽን ለተማሪዎች መማሪያ ይሁን ብሎ ለኮሌጅ በውሰት ሰጠ። በቅንነት ነው የሰጠው። የመንግሥትን ንብረት አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ ታሰረ። ልጆቹ ስንቅ ሲያመላልሱ በዓይኔ አይቻለሁ። እስቲ ንገሪኝ፣ ባለመፈረሙ የታሰረ ሰው ታውቂያለሽ?”

አላውቅም። እስከ ዛሬም አላውቅም። በበሽታው የሚሞተው ሰው ደግሞ ማን ባለመፈረሙ እንደሞተ አያውቅም፤ ስለዚህ ማንንም አይከስም።

ሚያዝያ አለፈ፤ ግንቦት ገባ። ፕሮፌሰሩ በየቀኑ ይደውልልኝ ጀመር። መጀመሪያ “ምን አዲስ ነገር አለ?” ይል ነበር፤ በኋላ ዝም ብሎ ይተነፍሳል። እኔም በጸሎት ቤታችን የሴቶች ጉባኤ ላይ ቆሜ ስለ አንዲት ፊርማ ጸልዩልኝ አልኩ። ቪዛ መሰላቸው። ኤምባሲውን እግዚአብሔር እንዲያለሳልሰው በእንባ ጸለዩልኝ። አሜን አልኩ፤ ምን ልበል?

የሽማግሌው ነገር የመጣልኝ ያኔ ነው። የእድራችንን ሊቀመንበር፣ አንድ የቤተ ክርስቲያናችንን አዛውንትና አዲሱ ገበያ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱትን ጎረቤታችንን ሐጂን ለመንኩ። ሐጂ በሰፈራችን ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ቁጭ ብዬ ስለ ፓተንቱ፣ ስለ ፋብሪካው፣ ስለ ፈቃዱ ሁሉንም ዘረዘርኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

“በቃ ገባኝ” አሉ ሐጂ። “ሁለት ወንድማማቾች ሱቅ ወረሱ። አንዱ ልሥራበት ይላል፤ ሌላው እሱም አይሠራ፣ ቁልፉንም አይሰጥ። እንዲህ ነው አይደል?”

እኔ ለኮሚቴዎቹ በስንት ገጽ ያላስረዳሁትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። እንዲህ ነው አልኳቸው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱ ነጭ በነጭ ለብሰው ወደ ቁስቋም፣ ወደ ዳይሬክተሩ ቤት ወጡ። ላኪ ከሽማግሌ ጋር አይሄድምና እኔ ቤቴ ተቀምጬ እጄን ሳፍተለትል ዋልኩ። የሆነውን የነገሩኝ ሐጂ ናቸው። በሩ ሲከፈት ግቡ፣ ተቀመጡ ተባሉ። የመጣንበትን ሳንጨርስ አንቀመጥም ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። ቤቱ ተተረማመሰ። ለካ ዳይሬክተሩ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለቻቸው። ሚስትየው ወደ ጓዳ ሮጡ፤ ልጅቱም ከጓዳ “እማዬ ሙች፣ ማንንም አላውቅም!” ስትል ተሰማች። አባትየው ፊታቸው ተለዋውጦ “የማን ልጅ ነው?” ብለው ጠየቁ።

“ለልጅዎ አይደለም የመጣነው” አሏቸው ሐጂ። “መሥሪያ ቤትዎ ስላለችው ክትባት ነው። ድርሻዎን ለዩኒቨርሲቲው ይልቀቁለት ብለን ነው።”

ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ “ምነው ልጄን በጠየቃችሁኝ” አሉ። “ልጄ የኔ ናት፤ መርቄ እሰጣችሁ ነበር። ይህቺ ግን የመንግሥት ናት።”

ሽማግሌዎቹ እግራቸው እስኪዝል ቆሙ፤ ሳይቀመጡም ተመለሱ። ሐጂን የቆረቆራቸው መከልከሉ አልነበረም። “ቀጠሮ እንኳ አልሰጠንም እኮ!” እያሉ ይብሰለሰሉ ነበር። “ልጁን የሚነፍግ አባት እንኳ ከዘመድ ልምከር ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል!”

እኔ ከዚያ በኋላ ተስፋ ቆረጥኩ። ተስፋ መቁረጥ ጩኸት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዝም ያሰኛል። ሥራ እገባለሁ፣ ይመሻል፣ ቤቴ ገብቼ እተኛለሁ። የባሌን ጥያቄ ሁሉ “እሺ” እያልኩ እመልስ ስለነበር ፈርቶ ለእህቴ ደወለላት።

በሰኔ ማለቂያ ዳይሬክተሩ ከኃላፊነት ተነሡ የሚል ወሬ ግቢውን አጥለቀለቀው። በመጨረሻው ቀናቸው ከሰዓት አስጠሩኝ። ግድግዳው ራቁቱን ቀርቷል፤ ዕቃቸው በካርቶን ታስሯል። ውሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ተፈርሞ፣ ስማቸው ያለበት ቲተር ተመቶ፣ ክቡ ማኅተም አርፎበት።

“ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ መሄዳቸው እንቅልፍ ነሣኝ” አሉ። “አባቴ ቢሰማ ምን ይለኝ ነበር? ማኅተሙ እስከ ነገ ጠዋት እጄ ላይ ነው። ያዢና ሂጂ።”

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ያዙኝ። ወረቀቱን ደረቴ ላይ አጣብቄ አዲሱ ገበያ ድረስ በእግሬ ሮጥኩ፤ ታክሲ መጠበቅ አልቻልኩም ነበር። ከዚያ ታክሲ ይዤ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ስደርስ ሁለታችንም እንደ ሕፃን አለቀስን። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የዩኒቨርሲቲው የሕግ ሰዎች ግን ቀኑን አዩ። ሰውዬው በተነሡበት ቀን የተፈረመ ውል ነው፤ አዲሱ ኃላፊ ያጽናልን ብለው ለመሥሪያ ቤታችን ጻፉ። በቦታው የተቀመጠው ከኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ትሑት ልጅ ነው። ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለኝ።

“ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ሳይፈርሙ ቆይተው ለምን በመጨረሻው ቀን?” አለኝ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል በሚባልበት አገር፣ ሰው ሊሻር ሲል የሚፈርመው ፊርማ ምን እንደሚመስል እኔም አውቃለሁ። ሽማግሌ ልኬ ነው ብዬ ብነግረውስ? የባሰ ነው።

“እኔ ውሉን አልሻርኩትም” አለኝ ልጁ። “ላጸናው ግን አልችልም። ተጠባባቂ ነኝ።”

ተጠባባቂ ማለት ዋናው ኃላፊ እስኪሾም ወንበር የሚያሞቅ ማለት ነው። ዋናው መቼ እንደሚሾም የሚያውቅ የለም። በጀት ዓመቱ ተዘጋ። ፋብሪካውም ቦታውን ለሌላ ክትባት ሰጠ። ፕሮፌሰሩ ደውሎ “በቃ” አለኝ።

የቀድሞው ዳይሬክተር ከሰው ከሚሰሙ እኔው ልንገራቸው ብዬ አንድ የክረምት ቀን ቁስቋም ወጣሁ። መንገዴን ሁሉ ውሸት ሳዘጋጅ ነበር። ሥራው ተጀምሯል፣ ፋብሪካው ገብቷል ልላቸው። ሹራባቸውን ለብሰው ጎመን ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ ዶማውን ጥለው በጭቃ እጃቸው እየጠቆሙ ከሩቅ “ተጀመረ ወይ?” አሉኝ። እንዲህ ያለ ብርሃን ፊታቸው ላይ አይቼ አላውቅም። ውሸቱ ከአፌ አልወጣ አለ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ዝናብ መጣ፤ አልተጠለሉም።

“ታዲያ ለምርመራ ይጠሩኛላ” አሉ በመጨረሻ።

“ኧረ አይጠሩዎትም። ማንም ምንም አላለም። ውሉን ፋይል ውስጥ አስቀመጡት፣ በቃ።”

“አይጠሩኝም?”

“አይጠሩዎትም።”

ከደጃፉ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። “ይህን ሁሉ ዘመን ፊርማዬ ያሳስረኛል ብዬ ስፈራት ኖርኩ” አሉ። “ለካ ለእስር ቤት እንኳ አትበቃም።”

አጠገባቸው እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸውን ልጥላ ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። ተጠባባቂውን አሰብኩ፤ ወንበሩን ለቆ የተቀበለኝ ልጅ ነው። የንብረት ክፍሉን ሰው፣ የሕግ ሰዎቹን፣ ፋብሪካውን፣ አንድ በአንድ አሰብኳቸው። የምጠላው ሰው አጣሁ። ቢገኝማ ኖሮ ሄጄ በሩ ላይ እጮህ ነበር።