በፍልሰታ ኤፌሶን

ከኩዌት፣ ከሳልሚያ የወጣን ምሽት ሙቀቱ ፊት ይለበልብ ነበር። እናንተ ነሐሴ ሲባል ዝናብና ጭቃ ነው የሚታያችሁ፤ እዚህ ሰው ጥላ ሥር ቆሞም ይቀቀላል። አሠሪዬ ማዳም ቤተሰቧን ይዛ ለሽርሽር ወደ ቱርክ ስትሄድ፣ እናቷ ማማ ኑራ ያለ እኔ ክንድ ደረጃ ስለማይወጡ እኔም ተከተልኩ። ደስታዬን የት ላድርገው! ከአገሬ ስወጣ ሽርሽር የሚባል ነገር መች በሐሳቤ ነበር?

ልቤ ግን ኤፌሶን ላይ ነው፤ ያቺ ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት። ከፍርስራሿ በላይ፣ ተራራው ላይ፣ የእመቤታችን ቤት የሚባል አለ ብላ እዚያው ኩዌት አቡ ሐሊፋ ሰፈር የምትሠራ ጓደኛዬ ነግራኛለች። እናቴ ጉልበቷን ከያዛት ወዲህ ደጅ መሳም አልቻለችም፤ እዚያ ቆሜ ልለምንላት ፈለግኩ። የማዳምን ባል፣ ባባን፣ ብጠይቀው "ፍርስራሹን እናያለን፤ ተራራው ግን ፕሮግራም ውስጥ የለም" አለኝ።

ቱርክ ኤርፖርት ላይ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ "ቱሪስት ነሽ?" አለኝ። የቤቱን ሰው ሁሉ ሻንጣ እየገፋሁ ምን ልበለው? ማዳም ቀደም ብላ "አዎ፣ ቱሪስት ናት" አለችልኝ። ሻንጣውን እንደገፋሁ ቱሪስት ሆኜ ገባሁ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ እንቁላልና አይብ ሲያቀርቡልኝ በአረብኛ "ሲያም፣ ጾም ላይ ነኝ" አልኩ። ማማ ኑራ ደስ አላቸው። ከዚያ ወዲያ በእኔ ፊት ውኃ እንኳ የሚጠጣ ጠፋ። በኤፌሶን ፍርስራሽ መካከል በእብነ በረዱ መንገድ ደግፌያቸው ስንሄድ፣ "ይህን ሁሉ የሠሩት ሰዎች የት ገቡ?" አሉኝ።

"እንደ እኔ ተሰደው ይሆናላ፣ ማማ።"

ሳቃቸው ዓምዶቹን አልፎ ተሰማ።

ከሰዓት በኋላ ባባ ለአየሩ ብሎ ተራራ ላይ ወዳለ የወይን መንደር ወሰደን። በየደጁ የወይን ጠጅ ያስቀምሳሉ። ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ ቤቶቹ ነጫጭ፣ ወይኑ በየአጥሩ ተንጠልጥሏል፤ ኩዌት መኖሬን ረሳሁ። አንዱ ሻጭ ብርጭቆ ሲዘረጋልኝ ማማ ኑራ በከዘራቸው መለሱት፤ "ጾመኛ ናት!" ዘጠኝ ሰዓት አለፈ፣ እኔ ሽምብራም ቢሆን ልበላ ቋምጫለሁ፤ የሚሰጠኝ የለም። ፀሐይ ስትጠልቅ ማማ ኑራ እንደ ረመዳን ማፍጠሪያ በገዛ እጃቸው ቴምር፣ ወተትና የበግ ጥብስ አቀረቡልኝ።

"ማማ፣ የእኛ ጾም እንደዚህ አይደለም" አልኩ ሳቄ እያመለጠኝ። "ሥጋም ወተትም አይነካም። የመርየም ጾም ነው።"

"የመርየም?" ብለው ወደ ባባ ዞሩ። "ልጅቷ ለመርየም እየጾመች በደጇ ልታሳልፋት ነው?"

"ነገ ባሕር ነው ፕሮግራሙ።"

"ባሕር ሳልሚያም አለ!"

በማግስቱ ተራራውን ወጣን። ማማ ኑራ እጃቸውን ዘርግተው፣ እኔ ግንባሬን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ለመንን። ስወጣ እልልታዬ አመለጠኝ። ጠባቂው "እሽሽ!" ቢለኝ ማማ ኑራ በአረብኛው እልልታ ተቀበሉኝ፤ ባባ እንኳ ሳቀ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሳልሚያ እንደተመለስን እናቴ ጋ ደወልኩ። "ኤፌሶን? በመኪና?" ብላ ደጋግማ አስነገረችኝ። አለቀሰች፣ መረቀችኝ።

"ምን ብለሽ ለመንሻት?"

"ጉልበትሽን እንድትምርልሽ፣ እማዬ።"

"ምነው ልጄ" አለችኝ፣ "እኔ እኮ በየቀኑ የምለምናት አንቺን እንድትመልስልኝ ነው። ጉልበቴን ተይው፤ ተቀምጬም እጠብቅሻለሁ።"