የበርበሬው ጆንያ

ዝናብ የነካው የበርበሬ ጆንያ በሸተተኝ ቁጥር አስመራ ከነቀዝቃዛ ጠዋቷ ትመጣብኛለች። ከመደበር ገበያ ወፍጮ ቤቶች ለምነን ያመጣናቸውን አሮጌ ጆንያዎች አሸዋ ሞልተን የቤዝቦል ሜዳችን ቤዞች፣ ሯጩ የሚረግጣቸው ማረፊያዎች፣ አደረግናቸው። በርበሬ የነበረበት ለሁለተኛው ቤዝ ደረሰ። እዚያ የቆመ ተጫዋች ያስነጥሰዋል፤ ዓይኑም ይቀላል። ወይም እኔ እንዲህ አስታውሳለሁ፤ ትዝታዬን እንደ ቀድሞው አላምነውም።

የኤርትራና የኢትዮጵያ ፌዴሬሽን ከፈረሰ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ጨዋታውን ያስተማረን ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሜሪካኖቹ የጦር ሰፈር የሚመጣ ወታደር ነው። ክረምቱ እንዳለፈ ሁለተኛውን ቤዝ ይጠብቅ የነበረው ጓደኛችን በረሃ ወጣ፤ ከሸማቂዎቹ ጋር ተቀላቀለ። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር አልነበረም። ወታደሩ አንድ ሰው መጉደሉን ብቻ አየና ተተኪውን እንድንመርጥ ለአምበላችንና ከዚያ ቦታ አጠገብ ለምቆመው ለእኔ ተወልን።

እጩዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ሦስተኛም ከነበረ መልኩ ጠፍቶብኛል። አንደኛው ዓኽርያ ከሚባለው የአስመራ ሰፈር የመጣ ልጅ ነው። ኳሷን ሲቀበል፣ ጆንያውን በእግሩ ሲነካና ወደ አንደኛው ቤዝ ሲወረውር ሁሉም አንድ እንቅስቃሴ ይመስል ነበር። ሌላው የሄደው ጓደኛችን ታናሽ ወንድም ሲሆን፣ ኳስ ስትመጣበት ዓይኑን ይጨፍናል።

«ይሄ ኳስ ይይዛል ወይስ ይጸልያል?» አለ አምበሉ። ሳቅን።

ምርጫው ያለቀ መስሎን ሳለ የታናሹ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሜዳው ዳር መጡ።

«ደቀይ» አሉን በትግርኛ፣ «ልጆቼ፣ ትልቁ ሄደብኝ። ትንሹም የወንድሙን መንገድ እየጠያየቀ ነው። እዚህ እሰሩልኝ። ቅዳሜን የሚጠብቅ ልጅ ርቆ አይሄድም።»

አምበሉ «አደይ፣ እሱ እኮ ኳስ…» ብሎ ጀመረና ተወው። አቀርቅሮ መሬቱን በጫማው ጫረ። «እወ፣ አደይ። እሺ።»

ወታደሩ ውሳኔያችንን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ምክንያቱን ልንነግረው አንችልም ነበር። ለዓኽርያው ልጅም አልነገርነውም። እሱ ጓንቱን አውልቆ በታናሹ ወንድም እጅ ላይ አጠለቀለትና «ዓይንህን ክፈት እንጂ፣ ሓወይ፣ ወንድሜ፤ ኳስ አትነክስም» አለው። የራሱ ዓይኖች ቀልተው ነበር። ሳየው ፊቱን አዞረ።

«በርበሬው ነው» አለ።

በዚያ ዓመት ደጋግመን ተሸነፍን። እናትየው ግን ዳር ቆመው፣ ልጃቸው ኳስ ባመለጠችው ቁጥር ያጨበጭቡ ነበር። የዓኽርያውም ልጅ ለጥቂት ጊዜ ከእሳቸው ጎን ቆሞ ይመለከት ነበር። ከዚያ ከሜዳው ቀረ፤ ከትምህርት ቤትም ቀረ። በረሃ መውጣቱን የሰማነው በሹክሹክታ ነው። ሰው በኳስ ምክንያት ቤቱን ጥሎ አይወጣም፤ ይህን ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ። እሱም፣ ቦታውን የለቀቀው ጓደኛችንም አልተመለሱም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ታናሹን ወንድም አስመራ አገኘሁት። ፀጉሩ ሸብቷል። ሻሂ እየጠጣን የድሮውን ሜዳ ስናነሳ፣ ያን ቀን እናቱ ወደ እኛ መምጣታቸውን ያውቅ እንደ ሆነ ጠየቅሁት።

«የዚያኑ ማታ ነገረችኝ» አለ። ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠ። «ቦታው ለዓኽርያው ልጅ ይገባ ነበር።»

ከዚያም ኳስ እንደመጣችበት ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ።