ጋሽ ሜትሮና የጠዋቱ ጥያቄ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ተቀንሶ ስንት ይሆናል? እኔ በዚህ ጥያቄ ብዙ መጽሐፍ ፈጀሁ፤ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ግን ስልኩ በየማለዳው በቁጥር እንዲመልስ ያስገድደው ነበር።

ሰፈሩ «ጋሽ ሜትሮ» ይለዋል፤ የመለኪያ ሜትሩ ከአንገቱ ወርዶ አያውቅምና። አርባ ዓመት የሰው ወገብ ሲለካ የራሱን ረሳው። በመጨረሻ ቦርጩ ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ጋር እየተጋፋ ወደ ኋላ ገፋው፤ ዐይኑ ደግሞ ከዚያ ርቀት መርፌውን አያይም። አንድ ቀን የደንበኛውን እጅጌ ከኪሱ ጋር ሰፍቶ ሲያስረክብ፣ ሴት ልጁ «አባዬ፣ ወይ ቦርጭህን ወይ መኪናህን ምረጥ!» አለችውና ክብደት የሚያስቀንስ መተግበሪያ ስልኩ ላይ ጫነችለት።

መተግበሪያው ጠዋት ጠዋት «ዛሬ ተነሳሽነትዎ ከአስር ስንት ነው?» ይላል። ሜትሮ ሳያቅማማ «አስር» ይሞላና ተመልሶ ይተኛል። በሁለተኛው ወር ከመተግበሪያው ፕሮግራም አንዲት ወጣት ደወለች።

«አባባ፣ ተነሳሽነትዎ ሁልጊዜ አስር ነው፤ ታዲያ እንዴት ሦስት ኪሎ ጨመሩ?»

«የእኔ ልጅ፣ በማለዳ ‹እንዴት አደሩ› ላለኝ ሰው ‹ኧረ ምኑን አደርኩት› ልበል? ነውር አይደለም?»

«ሰላምታ እኮ አይደለም፣ ልኬት ነው!»

ነገሩ ከነከነው። በልኬት ዋሽቶ አያውቅም። በማግስቱ «ሁለት» ሞላና፣ በቁጥሩ እያፈረ፣ እያጉረመረመ እስከ ገበያው በእግሩ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ሁለት፣ አንድ፣ ደስ ሲለው ሦስት። ኪሎው ይወርዳል፤ ስልኩ ግን «አባትዎ ተስፋ ሊቆርጡ ተቃርበዋል» እያለ ለልጁ ያሳብቃል።

ባለቤቱ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «አንተ ሰውዬ፣ በዚህ አያያዝህ ተስፋ ከቆረጥክ ሱሪህ መንገድ ላይ ይወልቃል!»

ፈቃድ ይቀድማል ወይስ እግር? እኔ ይህን ስመራመር ሜትሮ አራት ወር ተራመደ። በስድስተኛው ወር ወንበሩን ወደ መኪናው ጠጋ አድርጎ ተቀመጠ፤ መርፌው ታየው። ፕሮግራሙም «እንግዲህ የቀነሱት እንዳይመለስ መጠበቅ ነው» ብሎ ያንኑ ጥያቄ ቀጠለ።

ያኔ ለወጣቷ መልእክት አጻፈኝ። «ልጄ፣ ልቤን የምለካበት ሜትር የለኝም። ይልቅ በየጠዋቱ በሆዴና በጠረጴዛው መካከል ስንት ጣት እንደሚገባ ጠይቁኝ። እሱን በትክክል እነግራችኋለሁ።»

እስከ ዛሬ ስለ ጣቱ የጠየቀው የለም።