በባዶ የዞረው ሞተር

ታሞፁ ወንድሙ ይመጣል ብሎ አልጠበቀም። የጋበዘችው ሚስቱ ፉሚኖ ናት። ታሞፁን ብትጠይቀው እንቢ እንደሚላት ስለምታውቅ ሳትነግረው ነው ያደረገችው። ስለዚህ ኢዋኦ ያንን ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ በሕዝብ አዳራሹ በር ብቅ ሲል፣ ታሞፁ የያዘውን የሻይ ኩባያ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

ወንድማማቾቹ በአንዲት ትንሽ የተራራ ከተማ እየኖሩ ከተነጋገሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ኢዋኦ፣ ታላቁ፣ ዕድሜውን ሙሉ የናጋታኒን መስመር ባቡር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ታሞፁ ደግሞ ከጣቢያው ፊት ለፊት ፀጉር ቤት አለው። የባቡር ድርጅቱ «መስመሩ አላዋጣንም፤ ይዘጋና በአውቶቡስ ይተካ» ባለ ጊዜ የከተማው ሰው በዚሁ አዳራሽ ተሰበሰበ። በአውቶቡስ ይተካ የምትሉ እጃችሁን አውጡ ሲባል ታሞፁ እጁን አወጣ። ኢዋኦ ከፊቱ ተቀምጦ ነበር። ዞር ብሎ አየው፣ ኮፍያውን አነሳ፣ ወጥቶ ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀጉሩን የሚቆረጠው ተራራውን ተሻግሮ ነው።

ሐዲዱ ከተነቀለ በኋላ ታሞፁ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ የመስመሩን ትንሽ አምሳያ መሥራት ያዘ። ጣቢያውን ሠራ፣ ድልድዩን ሠራ፣ ደረጃ በደረጃ የሚወርዱትን የሩዝ ማሳዎች ሠራ፤ ከዚያ ወደ ዋሻው የሚወስደውን ያንን ክፉ ዳገት። በመጨረሻ ወንድሙ ይነዳት የነበረችውን ቀይ ሎኮሞቲቭ ሠራ፤ መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ ግን በሯ ላይ ያለው ቁጥር ሳይቀር ቁርጥ እሷን። ዛሬ የመኸር በዓል ስለሆነ ሁሉንም አውጥቶ አዳራሹ ውስጥ ዘርግቶታል።

«ጋሽ ኢዋኦ!» አለች ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠው ሱጊኖ፣ ድምፅዋ እንደ ፊሽካ ነው። «ምን ቆመው ያያሉ፣ ይንዱልን እንጂ! ወይስ መንጃ ፈቃዱ ጊዜው አልፎበታል?»

ሰው ሳቀ። ኢዋኦ ማምለጫ ሲያጣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠና የመንጃውን ቁልፍ ያዘ። ባቡሯ አምስት ፉርጎ አስከትላ ከጣቢያው ወጣች፣ ድልድዩን ተሻገረች፣ ዳገቱን ጀመረች። እኩሌታው ላይ ስትደርስ ሞተሩ በቀጭኑ ጮኸ፤ ባቡሯ ቆመች። ኢዋኦ ቁልፉን አዙሮ ኃይል ጨመረ። ጩኸቱ ባሰ። ባቡሯ ንቅንቅ አላለችም።

«አይ! ተሳፋሪ ይውረድና ይግፋ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ኢዋኦ ፊቱ ደም መሰለ። «ለመሳለቂያ ነው የጠራኸኝ?»

«እኔ አልጠራሁዎትም» አለ ታሞፁ፣ አፉ አምልጦት።

ፉሚኖ ዓይኗን ጨፈነች። ኢዋኦ ተነሳ፣ ግን የሄደው ወደ በሩ ሳይሆን ወደ ዳገቱ ነው፤ የቆመች ሎኮሞቲቭ ትቶ መሄድ አልሆነለትም። ጎንበስ ብሎ አያት።

«ጎማው ነው ያዳለጠው። ሐዲዱ ላይ አሸዋ መበተን ነው የሚፈልገው።»

«ጎማው አይደለም። ይመልከቱ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ ቆሟል። የሚዞረው ሞተሩ ነው፣ በባዶ።»

ኢዋኦ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ።

ታሞፁ ባቡሯን አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደማት። ቀይ ቀፎዋን በካቻቢቴ ፈታ። እንደጠረጠረው ነው፤ በሞተሩ ዘንግ ላይ የተሰካችው የፕላስቲክ ማርሽ አንገቷ ላይ እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቃለች። ዘንጉ ውስጧ ይዞራል፣ እሷ አትዞርም። መለዋወጫ የለውም። ማርሿን ማጣበቅ ይቻላል፤ ግን ከማጣበቂያው አንዲት ጠብታ ወደ ሞተሩ ከገባች ሞተሩ እስከ ወዲያኛው ደረቀ ማለት ነው።

«ተወው፣ ነገ ትሠራዋለህ» አለች ፉሚኖ ቀስ ብላ።

«ነገ አይመጣም» አላት፣ እሱም በሹክሹክታ። ማን እንደሆነ አልጠየቀችውም።

ማርሿን በወረንጦ ጎትቶ አወጣት። ዘንጉን በአልኮል ጠረገ። ከመብራት ገመድ ላይ አንዲት የመዳብ ክር መዝዞ የተሰነጠቀውን አንገት ጥብቅ አድርጎ ጠመጠመበት፤ ስንጥቁ ተገጠመ። አሁን ማጣበቅ ብቻ ነው የቀረው። ማጣበቂያውን በመርፌ ጫፍ ነክሮ ወደ ዘንጉ አስጠጋ። የመርፌዋ ጫፍ ወዲያና ወዲህ ትጫወታለች። ራቅ አደረጋት። እንደገና አስጠጋት። ባሰባት። ስንት ጉሮሮ የላጨ እጅ ዛሬ ከዳው።

«ሞተሩን ስጠኝ» አለ ኢዋኦ።

«ዘንጉ ወደ ታች ይሁን። ወደ ላይ ከዞረ ማጣበቂያው ይገባበታል።»

«ስጠኝ አልኩህ!»

ኢዋኦ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ ሞተሩን ዘቅዝቆ ያዘው። በዚያ ዕድሜ እጁ እንደ ጉጠት ነው። ታሞፁ ትንፋሹን ዋጠና ጠብታዋን ዘንጉ ላይ አሳረፋት፤ ማርሿን ሰካት። «አሁን እስኪደርቅ እንዳትንቀሳቀስ» አለ። «እርስዎ» ማለት መርሳቱን ያወቀችው ፉሚኖ ብቻ ናት።

ሁለቱ ፊት ለፊት ቀሩ፤ አንደኛው ሞተሩን፣ ሌላኛው ማርሿን ይዞ። መሸሻ የለም።

«እዚሁ አዳራሽ» አለ ኢዋኦ ዓይኑን ከሞተሩ ሳይነቅል። «ያን ቀን ስታወጣው እጅህ አልተንቀጠቀጠም።»

ሱጊኖ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች።

«አልተንቀጠቀጠም» አለ ታሞፁ። ላብ ቅንድቡ ላይ ወረደ፣ መጥረጊያ እጅ የለውም። «ባቡሩ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ አይሄድም ነበር፣ ጋሼ። እነዚያ አሮጊቶች ከጣቢያው በበረዶ እየተንፏቀቁ ሲወጡ በመስኮቴ አይ ነበር። ዛሬም ቢጠይቁኝ አወጣለሁ።»

የኢዋኦ ክንድ ጠነከረ፤ ሞተሩ ከጣቶቹ መሀል ትንሽ ሸርተት አለ።

«እንዳይነቃነቅ!» አለች ፉሚኖ።

ያዘው። ጥርሱን ነክሶ ያዘው። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ለምን ሠራኸው? በኔ ለመቀለድ?»

«ባቡሩን ስለምወደው ነዋ! አውቶቡሱ አስፈለገን፤ ባቡሩን ግን እወደው ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።»

«ይሄንን ያኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ለማን ልንገር? አንተ ኮፍያህን አንስተህ ወጣህ።»

ኢዋኦ ጎንበስ ብሎ ማርሿን አየ። ከውጭ የበዓሉ ከበሮ ይሰማል። ከዚያ «ደርቋል?» ብሎ ጠየቀ።

ታሞፁ ማርሿን በጥፍሩ ነካ አደረጋት። ከዘንጉ ጋር አብራ ዞረች።

ቀፎውን ገጥመው ባቡሯን ሐዲዱ ላይ መለሷት። ታሞፁ ፉርጎዎቹ ሦስት ቢሆኑ ይሻላል አለ፤ ኢዋኦ ሁለት ይበቃል አለ፤ ሁለት ሆነ። ኢዋኦ አሁን ካፖርቱን አወለቀ። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ጣቱን ወደ ትንሿ የምልክት መብራት ቀሰረና እንደ ሥራ ዘመኑ ጮክ ብሎ «የመነሻ ምልክት፣ አረንጓዴ!» አለ። የሳቀ የለም።

ድልድዩ ታለፈ። ዳገቱ ላይ ባቡሯ ፍጥነቷ ወረደ። ሰዉ ተጠጋ። ቅድም የቆመችበት ቦታ ስትደርስ ሞተሩ ድምፁን ቀየረ፣ ታሞፁም «ቀንስ፣ ቀንስ!» አለ። ኢዋኦ ቀድሞት ቀንሶ ነበር። ባቡሯ እንደ ደከመች በሬ ቀስ፣ ቀስ እያለች ሳበች፤ አፍንጫዋ ዋሻው ውስጥ ገባ፣ ከዚያ ፉርጎዎቹ ተከተሏት። በወዲያኛው በኩል ስትወጣ ሱጊኖ ያዘለችው የጎረቤት ሕፃን እስኪያለቅስ ድረስ አጨበጨበች።

ኢዋኦ እስከ ማምሻው ቁልፉን ለማንም አላስነካም።

ማርሿ በማግስቱ እንደገና ለቀቀችና ሞተሩ በባዶ መዞር ጀመረ፤ ታሞፁ የነሐስ ማርሽ አስመጥቶ ተካት። ኢዋኦ በሚቀጥለው ፀደይ ሂሮሺማ ወዳለችው ልጁ ቤት ተዛወረ፤ እስከዚያው ግን ፀጉር ቤቱ ዝግ በሚሆንበት ቀን ሁሉ እየመጣ ሲነዳና ሲነቅፍ ይውል ነበር። አንድ ቀን ከጣቢያው አጠገብ ያለችው የካኪ ፍሬ ዛፍ መሆን ያለባት በግራ በኩል ነው ብሎ ችክ አለ። ታሞፁ በቀኝ ነው አለ። ጣቢያው ፈርሷል፣ ዛፏም ተቆርጣለች፤ ሄዶ የሚያጣራ የለም።

«እኔ በየቀኑ ሳያት ነው የኖርኩት» አለ ኢዋኦ።

«አንተ ያየሃት ከባቡሩ ሆነህ፤ እኔ ከፀጉር ቤቱ ሆኜ!»

ምሳ ሳይበሉ ተጨቃጨቁ። ኢዋኦ ሂሮሺማ ከሄደ በኋላ ታሞፁ ዛፏን በወረንጦ ነቀለና በግራ በኩል ተከላት። አሁንም በቀኝ እንደነበረች እርግጠኛ ነው።