ባዶ ዝርዝር አላሳልፍም ያለችው ሴት

ቢሮ ውስጥ «ቢሆንስ» እንላታለን። ሥራዋ እኛ የጻፍነውን ፕሮግራም መፈተሽ ነው፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ሥራዋ እኔን ማቃጠል ነበር። ምሳ ልንወጣ ስንነሳ እንኳ «ቤቱ ዝግ ቢሆንስ?» ትላለች። አንድ ቀን ዝግ ሆኖ አገኘነው፤ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ባሰባት።

የሆስፒታል መድኃኒት ማቀዝቀዣ የሚጠብቅ ፕሮግራም ጻፍኩ። ማቀዝቀዣው በየሰዓቱ ሙቀቱን በሙሉ ቁጥር ይልካል፤ በቀን ሃያ አራት ቁጥር። ደንቡ አጭር ነው፦ አንድ ቁጥር ከስምንት ከበለጠ፣ ተከታዩ ከስምንት መብለጥ የለበትም። ፕሮግራሙ በየማለዳው ያለፈውን ቀን ዝርዝር ያያል፤ ደንቡ ከተጠበቀ አረንጓዴ፣ ከተጣሰ ቀይ ይበራል። በሁለት ቀን ጨረስኩት። ኮራሁም።

እሷ ቁጭ ብላ አንድም ቁጥር የሌለበት ባዶ ዝርዝር አስገባች። አረንጓዴ በራ።

«ይኸውልህ» አለችኝ።

«ምኑ ነው ይኸውልህ? ቁጥር ከሌለ ደንብ የጣሰ ቁጥርም የለም። ሂሳቡ ልክ ነው!»

«ልጅ አለህ?»

«የለኝም።»

«ያስታውቃል። ትናንት የኔዋ ትንሿ ድምጿ ጠፋ። አባቷ ‹ዝም ብላለች፣ ደህና ናት› ብሎ ስልኩን ይጎረጉራል። ሮጬ ስገባ መጋረጃውን በመቀስ ጨርሳዋለች። ቁጥር ካልመጣ ማቀዝቀዣው ይሥራ ይሙት በምን ታውቃለህ?»

«ኧረ በሕግ! መጋረጃና ፕሮግራም ምን አገናኛቸው?» አልኳት።

አለቃችን መጡ። ፕሮግራሙን ለሆስፒታሉ የምናስረክበው በማግስቱ ነበር፤ የሷ የሥራ ውል ደግሞ በዚያው ሳምንት ያልቃል። ባሏ ሥራ ከፈታ መንፈቅ እንዳለፈው ሁላችንም እናውቃለን።

«ፕሮግራሙ አልፏል ብለሽ ፈርሚና እንገላገል፤ ውልሽንም አድሳለሁ» አሏት።

እስክሪብቶውን አየት አደረገችው። «ባዶ አላሳልፍም» አለች። አርብ ዕለት ኩባያዋን በፌስታል ይዛ ወጣች።

በሷ ፈንታ እኔ ፈረምኩ። ከመፈረሜ በፊት ግን፣ እልህ ይሁን ፍርሃት እንጃ፣ ዝርዝሩ ባዶ ከሆነ ቀይ እንዲበራ አንዲት መስመር ጨመርኩ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ማታ፣ የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ማቀዝቀዣውን ከሶኬት ነቀለ። ሳይመልሰው በሩን ቆልፎ ሄደ። እሑድ ቀኑን ሙሉ አንድም ቁጥር አልመጣም። ሰኞ ጠዋት ቀይ በራ፤ የተበላሸው መድኃኒት ለማንም ሳይሰጥ ተጣለ።

አለቃችን የቢሮውን ሰው ሁሉ ሰብስበው አስጨበጨቡልኝ። አፈርኩ፤ ጭብጨባውን ግን ተቀበልኩ። ከሰዓት በኋላ ደውዬላት ሁሉንም ነገርኳት፤ ስሟን ሳልጠራ መቅረቴንም ጭምር። ይቅርታ ጠየቅኳት።

«መድኃኒቱን ማንም አልወሰደም አይደል?» አለችኝ።

«ማንም።»

«ተመስገን። እሺ፣ ከሃያ አራቱ ቁጥር ዘጠኙን ብቻ ልኮ ቢነቀልስ?»

ስልኩን ሳልዘጋ ዘጠኝ ቁጥሮች ብቻ ያሉት ዝርዝር አስገባሁ። አረንጓዴ በራ።

ተነስቼ አለቃችን ቢሮ ገባሁ። ገና ሲያዩኝ ሳቁልኝ።

«ያስጨበጨቡት ለሷ ሥራ ነው» አልኳቸው። «ፕሮግራሙ አሁንም ስህተት አለው፤ ይሄንንም ያገኘችው እሷ ናት፣ ያውም ያባረርናት ሴት፣ ቤቷ ተቀምጣ። ይመልሷት።»