ሳሎኑ መሃል የቆመው ቤት

ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር፤ እኔና እናቷ ከተለያየን ዓመት አልፎናል። እሷ ከእናቷ ጋር አልቢ በሚባል ሰፈር ትኖራለች። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ስዊድኖቹ ዳጊስ ከሚሉት ከሕፃናት መዋያው ወስጄ በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ወደ እኔ ሰፈር ወደ ሃግሴትራ አመጣታለሁ። እሑድ እመልሳታለሁ። በመሃል ያሉት ቀናት የእኔና የመጻሕፍቴ ነበሩ። መጽሐፍ ጥሩ ጓደኛ ነው የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ቤታቸው ውስጥ ሌላ ሰው አላቸው።

አንድ ቀን የዳጊሷ አስተማሪ ስለ ልጅቷ ዕድገት ልታነጋግረኝ ጠራችኝ።

«ብዙ አታወራም» አለችኝ፤ «በእንጨት ብሎኬት ስትገነባ ግን ሌላ ልጅ ናት።» እንደ አስተማሪዋ አባባል ሚዛን ትማርበታለች፤ ዓይንና እጇ ይተባበራሉ፤ ሲፈርስባት እንደገና መጀመር ትለምዳለች። ስለሠራችው ሲጠይቋት ደግሞ አፏ ይፈታል። «ብሎኬት ቤት ውስጥም ይኑራት። አንተ ግን አትሥራላት፤ አጠገቧ ተቀምጠህ ጠይቃት።»

እንጨት ለመደራረብ ንድፈ ሐሳብ ያበጀ አገር! እኛ ያለ ብሎኬት ነው ያደግነው፤ ደግሞም የትም ደርሰናል ብዬ በልቤ ተከራከርኩ። እርግጥ የደረስኩት ሃግሴትራ ነው። ለማንኛውም ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አንድ ካርቶን ሙሉ ገዛሁላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳሎኑ መሃል ቤት ስትሠራ ዋለች። እኔ ሶፋው ላይ ሳነብ ዋልኩ። ምክሩን ግማሹን ፈጽሜያለሁ፦ አልሠራሁላትም። እሑድ ጃኬቷን እየለበሰች በስዊድንኛ «እንዳታፈርሰው» አለችኝ። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው።

«እሺ» አልኩ፣ ቁልፌን እየፈለግሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ አባቴን የሚያህሉ አንድ የወሎ ሰው፣ ጎረቤቴ፣ ሊጠይቁኝ እንደሚመጡ ደወሉ። ሚስቱ የሄደችበት ወንድ ቤት ሲዝረከረክ ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ወለሉን ጠረግሁ፤ ብሎኬቶቹንም በየመጠናቸው ለይቼ ካርቶኑ ውስጥ ደረደርኩ። አደራደሬ ደስ ብሎኝም ነበር።

ሽማግሌው ተቀምጠው ዙሪያውን ቃኙ።

«ልጅቱ መምጣት ተወች እንዴ?»

«ኧረ ትመጣለች ጋሼ! ነገ ትመጣለች።»

«የልጅ ዳና የለበትም'ኮ! እኔስ ሐኪም ቤት የገባሁ መስሎኝ።» ሳቁ። እኔም ለወጉ ሳቅሁ።

በማግስቱ ልጄ ጫማዋን በር ላይ ወርውራ ወደ ሳሎን ሮጠች። ተከተልኳት። ስገባ ባዶው ወለል ላይ ቆማለች።

«ቤቱስ?»

ካርቶኑን ከፍቼ አሳየኋት። «ሁሉም እዚህ አለ። አንድም አልጠፋም።»

አየችው። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ማባበል እችል ነበር። ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ «ዛሬ እማዬ ጋ መሄድ እችላለሁ?» አለች።

«ነገ እናያለን» አልኳት። እሺ ብዬ ብመልሳት ኖሮ በሚቀጥለው ተራዋ ዓርብ የምትመጣ አልመሰለኝም።

ቅዳሜ ጧት ቦርጬን ይዤ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና ቤቱን እንደነበረ ልመልሰው ጀመርኩ። ከሃያ ዓመት በፊት ያነበብኩትን የግርጌ ማስታወሻ አስታውሳለሁ፤ የዚህ ቤት በር በየት በኩል እንደነበር ግን አላውቅም። ሁለት ሳምንት ሊሞላ እስኪል ዙሪያውን ስዞረው ከርሜ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። ልጄ ሶፋዬ ላይ ሆና ትመለከተኛለች።

«እንደሱ አይደለም» አለች በመጨረሻ።

ወርዳ ግድግዳዬን ነቃቀለችው። እጄን ሰበሰብኩ። ወደ ላይ ስትክበው ሁለት ጊዜ ተናደ፤ ሁለት ጊዜም ከታች ጀመረች። የአስተማሪዋ ምክር ቀሪው ግማሽ ትዝ አለኝ።

«እዚህ ማን ነው የሚተኛው?»

«አንተ።»

«አንቺስ?»

«እዚህ። ሁልጊዜ ግን አይደለም።»

«በሩ ለምን ይህን ያህል ሰፋ?»

«ቦርሳዬ እንዲገባ ነዋ!» አለች፤ ይህ እንዴት ይጠፋሃል በሚል ዓይን እያየችኝ። እናቷ ጋ ስለመሄድ ግን እስከ እሑድ አላነሳችም።

በሳምንቱ ሐሙስ ሽማግሌው እንደገና መጡ።

«ጋሼ፣ በግድግዳው ጥግ ይለፉ።»

«ይሄ ምንድን ነው? ላንሳልህ?»

«አይንኩት!» አልኩ። ትልቅ ሰው ላይ እንዲህ ጮኼ አላውቅም። «የልጅቱ ቤት ነው።»

የካፖርታቸውን ጫፍ ሰብስበው ጥጉን ይዘው አለፉና ጎንበስ ብለው አዩት።

«ማን ይኖርበታል?»

«እዚያ እኔ። እዚህ እሷ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም።»

«በሩ ሰፊ ነው» አሉ ቀና እያሉ።

ሻይ ጠጥተው ሲወጡም በግድግዳው ጥግ ዞረው ሄዱ። ልጄ ለምትመጣበት ዓርብ ገና ስምንት ቀን ይቀራል።