አስፋልት ላይ የወጣው የቅጠል ክምር

ቡራዩ ውስጥ ሱቄ ፊት ያለው መንገድ አስፋልት ሲለብስ መንገዱ ከፍ አለ፣ እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ሲሚንቶ ሊገዛ የመጣ ሰው ሁለት ደረጃ ወርዶ ነው የሚያገኘኝ። ሰው ሲወርድ ደስ ይለኛል፤ ውሃ ሲወርድ ግን ሌላ ነው። እኔን ከክረምቱ የሚለየኝ አንድ የፍሳሽ ቱቦ ብቻ ነው፤ እሱንም ከላይ ካሉት ባሕር ዛፎች የሚረግፈው ቅጠል ይደፍነዋል።

ሰኔ ሲገባ የማዘጋጃ ቤት ጽዳት ሠራተኞች መጥተው ቱቦውን ጠረጉት። ቅጠሉንና ጭቃውን አውጥተው እዚያው አፉ ላይ ከመሩት። የእኛን መንደር የሚጠርጉት ሴት በዕድሜ እናቴን ያክላሉ። ጠዋት ጠዋት በኦሮምኛ “አከም ቡልተኒ” እላቸዋለሁ፤ እሳቸው በአማርኛ ይመልሱልኛል።

“እማማ፣ ይሄ ክምር መቼ ነው የሚነሳው?”

“የእኛ ሥራ ማውጣት ነው። ማንሳት የመኪናው ነው።”

“መኪናውስ?”

“መኪናው ሲመጣ ይመጣል፣ ልጄ።”

ማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ ደወልኩ፤ “ነገ” አሉኝ። በማግስቱ ደወልኩ፤ አሁንም “ነገ”። ሃያ ዓመት ስነግድ “ነገ” የሚል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ አሳምሬ ተምሬያለሁ። በወጨጫ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። መጋዘኔ በዚያው ሳምንት ባራገፍኩት ሲሚንቶ ሞልቷል። አንድ ደህና ዝናብ ቢጥል ክምሩ ተመልሶ ቱቦው ውስጥ ይገባል፣ ውሃውም ደረጃዬን ይወርዳል። ሲሚንቶ ውሃ ከነካው ድንጋይ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ እዚህ አገር ማንም አይገዛኝም።

መቀመጥ አቃተኝ። ደንበኛ እያናገርኩ ብቅ እላለሁ፣ ገባ እላለሁ፣ ደግሞ ብቅ እላለሁ።

“ደመናውን ልትሸጠው ነው እንዴ እንዲህ የምትለካው?” አለኝ ጎረቤቴ ጫማ ነጋዴው።

በጋሪ ላስነሳው አሰብኩ። ግን የት ይደፋል? የትም ብደፋው ደንብ አስከባሪ ይይዘኛል። ነጋዴ ግን አንድ ነገር ያውቃል፤ ዕቃ ሰው ዓይን ውስጥ የሚገባው መንገድ ላይ ሲወጣ ነው። በማግስቱ ማለዳ፣ ታክሲው ሳይበዛ፣ አካፋ ይዤ ወጣሁና ክምሩን ሁለት ክንድ ገፋሁት። አስፋልቱ ላይ ወጣ።

ሦስት ሰዓት ሳይሆን ሚኒባሶቹ ጥሩምባቸውን ለቀቁት። ትራፊክ ፖሊስ መጣ፣ ስልክ ደወለ። ከምሳ በፊት ያ የነገ መኪና ደርሶ ክምሩን ጭኖ ሄደ። ሻይ አዘዝኩና ከስንት ቀን በኋላ ቁጭ ብዬ ጠጣሁ።

ሻዩን ሳልጨርስ የጽዳቱ ተቆጣጣሪ ወረቀት ይዞ መጣ። ወጣት ነው። ሴትዮዋን ከሱቄ ደረጃ በላይ አቆማቸው። “አስፋልት የተዘጋው በእርስዎ ክልል ነው፣ ከዚህ በፊት ሁለት ማስጠንቀቂያ አለብዎት፣ ሦስተኛው ከሥራ ያሰናብታል” አላቸው።

“እኔ የተውኩት ቱቦው አፍ ላይ ነው” አሉ።

“ታዲያ ቅጠሉ በእግሩ ሄደ?”

አካፋዬ የሱቁ በር ላይ ተደግፏል፤ ጭቃው ገና አልደረቀም። ሴትዮዋ አንዴ አዩት። ወደ እኔ ግን ዞር አላሉም። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር፤ እክድ ነበር። የንግድ ፈቃዴ የሚታደሰው እዚያው ማዘጋጃ ቤት ግቢ ነው። ብርጭቆውን አስቀመጥኩ፣ መልሼ አነሳሁ። ከዚያ ሁለቱን ደረጃ ወጣሁ።

“በእግሩ አልሄደም። የገፋሁት እኔ ነኝ።”

ልጁ እኔንም አካፋውንም አየና ወረቀቱን ገለበጠ። “እንግዲያው ኦቦ፣ ያሉትን እዚህ ይጻፉና ይፈርሙ። ደንብ አስከባሪ ይጠራዎታል።”

ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። እሱ ሲሄድ ሴትዮዋ መጥረጊያቸውን አነሱ።

“አካፋውን ማጠብ እንዴት አቃተህ?”

“ቸኩዬ ነው፣ እማማ።”

“ሌላ ጊዜ ለእኔ ንገረኝ። እኔ ብሆን ከዳገቱ በላይ ነበር የማወጣው። የአለቆቹ መኪና የሚያልፈው በዚያ ነው።”

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። ደረጃዬ ላይ ቆሜ አየሁት፤ ቱቦው ውሃውን ሳበው፣ ሲሚንቶዬን ጠብታ አልነካውም። ደንብ አስከባሪው እስካሁን አልጠራኝም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ግን ዓይኔ አካፋው ላይ ይሄዳል። ታጥቧል።